ሠርጉ ባሕር ዳርቻ ነው

የወንድሜ ልጅ ልታገባ መሆኗን፣ ሠርጉም ባሕር ዳርቻ እንደሚሆን በስልክ የነገረችን ዕለት እቴቴ በጣም ነበር ደስ ያላቸው። "ጎሽ የኔ ልጅ! እግረ መንገዴን ጊዮርጊስን እሳለማለሁ" አሉ። ባሕር ዳር መስሏቸው ነው። እቴቴ የአባታችን ታናሽ እህት ናቸው፤ በእርሳቸው ዓለም የባሕር ነገር ጣና ላይ ይጀመርና ጣና ላይ ያልቃል። ልጅቱ "ባሕር ዳር አይደለም እቴቴ! ባሕር ዳርቻ! ኬንያ! ሞምባሳ አጠገብ!" እያለች ስትጮህ ስልኩን ለእኔ አቀበሉኝና "መስመሩ አይሰማም፣ ምን እንደምትል ስማት እስቲ" አሉኝ። መስመሩ እንኳን ለእኛ ለጎረቤትም ይሰማ ነበር።

ነገሩ የሆነው በ2015 ዓ.ም. ነው። ልጅቱ ናይሮቢ ሥራ ከያዘች አራት ዓመት ሆኗታል። ያገኘችው ልጅ እዚያው ያደገ ሐበሻ ነው፤ ወላጆቹ በ1983ቱ ግርግር ሞያሌን ተሻግረው በዚያው የቀሩ ናቸው። ጓደኞቻቸው ግማሹ ናይሮቢ፣ ግማሹ አሜሪካ፣ የቀረው ዱባይና ለንደን ተበትኗል። እናም ሁለቱ ቁጭ ብለው አሰቡ አሰቡና ለሁሉም የሚመች አንድ ቦታ አገኙ፤ ዲያኒ የሚባል፣ ከሞምባሳ በስተደቡብ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለ የሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ። "ለሁሉም" ሲሉ ታዲያ የእኛን ሰፈር ጨምረው አልነበረም። ተጋባዡ አርባ ሁለት ሰው ነው። ሃያ አንዱ የሙሽራዋ ወገን፣ ከሃያ አንዱ ውስጥ የእርሷ ጓደኞች ሲቀነሱ ለቤተሰብ የተረፈው ዘጠኝ ወንበር።

ዘጠኝ! እኛ ቤት ለስመ ክርስትና እንኳ ዘጠኝ ሰው ተጠርቶ አያውቅም። ወጥ ቀማሾቹ ብቻ ከዘጠኝ ይበልጣሉ።

የወንድሜ ሚስት ይህን ስትሰማ አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። ወደ ጓዳ ገብታ አንድ ደብተር ይዛ ወጣች። ጠርዙ የተበላ፣ ባለ ሃምሳ ሉክ የተማሪ ደብተር ነው። እኛ ሁላችን የእቁብ ደብተር ይመስለን ነበር። ለካስ ሌላ ኖሯል። ከ1987 ጀምሮ በዚያ ሰፈር ሲኖሩ የተጠሩበት ሠርግ፣ የበሉበት ክርስትና፣ አማቷ ሲሞቱ ድንኳን የተከለው፣ እንጀራ ያመጣው፣ ሌሊት አብሮ ያደረው፣ ስሙ ከነቀኑ ተጽፏል። "ይኸው" አለች። "ሃያ ስምንት ዓመት የሰው በልተናል። የበላነውን ባሕር ላይ ነው የምንከፍለው?"

መልስ የሰጣት የለም። እኔ ራሴ በዚህ ዓምድ ላይ በጥር ወር መንገድ ስለሚዘጋው የሙሽራ መኪና፣ ተበድሮ ስለሚደግሰው ደሞዝተኛ፣ ሦስት ዓይነት ልብስ ስለምትቀያይረው ሚዜ ስንት ጊዜ ጽፌያለሁ። ድግስ ከንቱ ነው፣ ይቅርብን፣ ገንዘቡ ለቤት ኪራይ ይሁን ብያለሁ። ያን ደብተር ሳይ ግን የጻፍኩትን ሁሉ የጻፍኩት ስለ ደጋሹ እንደነበር ገባኝ። ስለ ተጋባዡ አንድ መስመር አልጻፍኩም። ሠርግ ለሙሽሮቹ የሚደረግ ነገር ነው ብዬ ነበር የማስበው። በእርሷ ደብተር ሠርግ ለሌላ ሰው የሚመለስ ነገር ነው። እነዚያ የተጻፉት ሰዎች ደግሞ ጽዋውን በተራቸው እየጠበቁ ነው፤ "የዚያች ልጅ ሠርግ መቼ ነው?" እያሉ።

ከሁሉ የከፋው የጎረቤታችን የእማማ ነገር ነበር። እማማ ልጅቱን ገና የሁለት ሳምንት አራስ ሳለች ያጠቡ፣ እናቷ ሥራ ስትገባ በጀርባቸው ያዘሉ፣ "የዚችን መልስ ሳላይ አልሞትም" ሲሉ የኖሩ ሴት ናቸው። ፓስፖርት የላቸውም። ቢኖራቸውም ዘጠኙ ውስጥ የሉም። ማን ሄዶ ይንገራቸው? ተገፋፍተን ተገፋፍተን እቴቴን ላክን። እማማ ሰሙና "እንግዲህ ለፎቶግራፉ ዓይን ይስጠኝ" አሉ አሉ። ይኼው ነው ያሉት። ሰው በደንብ ሲቆጣህ ይሻላል።

እቴቴ በበኩላቸው የሚያሳስባቸው የቄሱ ነገር ነበር። "አሸዋ ላይ ምን ዓይነት ጋብቻ ነው?" ብለው ሲጠይቁኝ፣ የተማርኩ ሰው ነኝና ሕጉን አገላብጬ ነገርኳቸው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የሚያውቃቸው የጋብቻ አፈጻጸሞች ሦስት ናቸው፤ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት፣ በባሕል። አሸዋ የሚል የለበትም። ልጆቹም ይህን አያጡትም፤ ፊርማውን ታኅሣሥ ላይ እዚህ መጥተው ጨርሰዋል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ "በኋላ" ተብሏል። "እንግዲያ አሸዋው ለምንድን ነው?" አሉ እቴቴ። ለዚህ አንቀጽ አላገኘሁም።

ሁላችን የምንጠብቀው ወንድም ጋሼን ነበር። የሙሽራዋ አባት እርሱ ነው፤ የቤታችን ታላቅ፣ ቁጥብ፣ "አይሆንም" ካለ የማይመለስ ሰው። ሚስቱ ደብተሩን ፊቱ አስቀምጣ "አንድ ነገር በላት" አለችው። ወንድም ጋሼ መነጽሩን አወለቀና ልጁን በስልክ አንድ ጥያቄ ጠየቃት። "ፊት ለፊት ውቅያኖሱን ነው የሚያየው ወይስ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ነው?"

"ፊት ለፊት ነው አባዬ። ክፍት ነው።"

"እሺ" አለ።

ሚስቱ ደብተሩን አንሥታ ወደ ጓዳ ተመለሰች። እኛም በየቤታችን ሐሜት ጀመርን። ጡረተኛ ነው፣ ወጪ ፈርቶ ነው፣ ልጆቹ ራሳቸው ይችሉታል ስላሉት ነው አልን። እኔም ብያለሁ። አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል።

ወንድም ጋሼ የባሕር ኃይል ሰው ነበር። "ነበር" የምለው ኃይሉም "ነበር" ስለሆነ ነው፤ እርሱ ያገለገለበቱን ማለቴ ነው። በ1940ዎቹ ተቋቁሞ፣ የኖርዌይ መኮንኖች አሠልጥነውት፣ ምጽዋ ላይ ትልቅ ሰፈር የነበረው ያ ባሕር ኃይል በ1983 መርከቦቹን ይዞ ወደ የመን ተሰደደ። "ኢትዮጵያ" የተባለችው ትልቋ መርከብ የመን ቆማ ቆማ ኋላ ለብረታ ብረት ተሸጠች። ሰዎቹ አንዳንዱ በጂቡቲ፣ አንዳንዱ በሳዑዲ፣ እንደየዕድሉ ዞሮ ገባ። ወንድሜ አዲስ አበባ የደረሰው አንድ ትንሽ ሻንጣ አንጠልጥሎ ነው። ከዚያ በኋላ ሃያ ምናምን ዓመት የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ኃላፊ ሆኖ ሠርቶ ጡረታ ወጣ። ስለ ባሕር ሲያወራ የሰማው የለም። ሐምሌ 2010 ላይ አየር መንገዱ አስመራ መብረር ሲጀምር የድሮ ጓደኞቹ ተጠራርተው "ምጽዋን አይተን እንምጣ" ሲሉት "ጉልበቴን ያመኛል" ብሎ ቀረ። ጉልበቱን አያመውም።

የሚስቱንም ነገር እናውቃለን፤ ግን ከደብተሩ ጋር አላገናኘነውም። የእነርሱ ሠርግ ተቆርጦ የነበረው ለጥር 1982 ነው። ድግሱ እዚህ በእርሷ ወላጆች ቤት፣ ቅልቅሉ ደግሞ ምጽዋ፣ ጓደኞቹ በሚያዘጋጁት። ሙሽሪት ከዝዋይና ከአዋሳ ሌላ ውኃ አይታ አታውቅም፤ "ባሕር አሳይሻለሁ" ተብላለች። ፈቃድ ተከለከለና ለሚያዝያ ተላለፈ። የካቲት ላይ ምጽዋ ውጊያ ተከፈተ። እርሱ በመርከብ ወጣ፤ ሚዜ ሊሆነው የነበረው ጓደኛው አልወጣም። ሁለቱ የተጋቡት በ1985 ማዘጋጃ ቤት ፈርመው፣ ከምስክሮቹ ጋር ሻይ ጠጥተው ነው። ድግስም፣ ባሕርም የለም። እርሷ ድግሱን፣ እርሱ ባሕሩን ሠላሳ ዓመት ይዘው ኖረዋል ማለት ነው፤ እኛ ግን አንዷን ግትር፣ አንዱን ቆጣቢ ብለን ነበር።

በጥር መጨረሻ ዘጠኛችን ቦሌ ተገኘን። እቴቴ ለኢየሩሳሌም ጉዞ ያወጡትን ፓስፖርት አሳድሰው፣ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ በእቅፋቸው አንድ ትልቅ ጥቅል ይዘዋል። እማማ ሌሊቱን የጋገሩት ድፎ ዳቦ ነው፤ በኮባ የተጋገረ፣ በሁለት ፎጣ የተጠቀለለ። ሻንጣ ውስጥ ይግባ ብንል "ይሰባበራል" አሉ። በአውሮፕላን ላይ ዳቦውን ጭናቸው ላይ አድርገው እስከ ሞምባሳ ደረሱ። ኬላ ላይ አንዱ ሠራተኛ ምን እንደሆነ ጠየቀ። ፎጣውን ገለጥ ስናደርግለት ጎንበስ ብሎ አሸተተና ሳቅ ብሎ አሳለፈን። ሽታው እንኳን ኬላ ድንበርም ያልፋል።

ሞምባሳ ደሴት ናት። ወደ ደቡቡ ዳርቻ ለመሻገር ሊኮኒ ላይ በጀልባ ያልፋሉ። ጀልባ ስል የጣናን ታንኳ እንዳታስቡ፤ መኪናው፣ አውቶቡሱ፣ ጋሪው፣ በሺ የሚቆጠር እግረኛ ባንድ ላይ የሚጫንበት ጠፍጣፋ ብረት ነው። ከሚኒባሱ ወርደን ዳር ላይ ቆምን። አንድ ኮንቴይነር የጫነ የሚመስል ግዙፍ መርከብ በመተላለፊያው እየመጣ ስለነበር ጀልባችን ቆሞ ጠበቀ። ሁላችን ስልካችንን አውጥተን ፎቶ እናነሣለን። ወንድም ጋሼ ዓይኑ የመርከቡ ሆድ ላይ ነው፤ ቀዩ ቀለም ከውኃው በላይ ብዙ ይታያል።

"ያራገፈ ነው" አለ ለራሱ። "የላይኛው ባዶ ሳጥን ነው።"

ይህን ሲል ድምፁ የንብረት ክፍል ኃላፊ ድምፅ አልነበረም። ጀልባው ሲጠጋ የማሠሪያውን ሰንሰለት፣ ሞተሩ ወደ ኋላ ሲዞር የሚነሣውን አረፋ ሁሉ በዓይኑ ተከተለ። ሚስቱ ክንዱን ይዛ "አዞረኝ" አለችው። "አድማሱን እዪ፤ ታች አትመልከቺ" አላት።

ዲያኒ እውነትም ውብ ነው። አሸዋው ከዛጎልና ከባሕር ድንጋይ የተፈጨ ነው መሰል ዱቄት ነው፤ በዚያ ፀሐይ እንኳን እግር አያቃጥልም። ግመሎች ለቱሪስት ተሸልመው ይመላለሳሉ፤ ዛፉ ላይ ረጅም ጭራ ያላቸው ጥቁርና ነጭ ዝንጀሮዎች፣ የእኛን ጉሬዛ የሚመስሉ። ሠርጉን የምታዘጋጀው ኬንያዊት ለየአንዳንዳችን አንዲት ካርድ ሰጠችን። የልብሱ ቀለም፣ "ጫማ አያስፈልግም" የሚል ማሳሰቢያ፣ ከሥሩ ደግሞ የውኃው መሙያና መጉደያ ሰዓት። ሠርጉ ከቀኑ አሥር ሰዓት የሆነው ሙሽሮቹ ስላሻቸው አይደለም፤ ባሕሩ በዚያ ሰዓት ስለሚሸሽ ነው። ውኃው ሲሞላ ወንበር የሚደረደርበት አሸዋ አይተርፍም። እስቲ አስቡት፤ በእኛ አገር ሙሽራ ቢዘገይ ድግሱ ይጠብቃል። እዚያ ባሕሩ አይጠብቅም።

የሰዓቱ ነገር ሌላም አስቂኝ ነገር አለው። ካርዱ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሰዓቱ አራት ይላል። እንግዳው ሁሉ በየራሱ አገር ሰዓት ሲቀንስና ሲደምር፣ እቴቴ ሾፌሩን በጣታቸው ሰዓታቸውን እየጠቆሙ ጠየቁት። ሾፌሩ "ሳ ኩሚ" ብሎ አሥር ጣቱን ዘረጋ። የእቴቴ ሰዓትም አሥርን ነው የሚያየው። የስዋሂሊ ሰው እንደ እኛ ከንጋት ጀምሮ ነው ለካ የሚቆጥረው! "ሳ" ማለት ሰዓት፣ ባሕርን "ባሃሪ" ይሉታል። እቴቴ "እነዚህስ ዘመዶቻችን ናቸው" ብለው ከዚያ ወዲያ በአማርኛ ነበር የሚያነጋግሩት። አብዛኛውን ጊዜ ተግባብተዋል።

ጫማው ላይ ግን ችግር ተፈጠረ። እቴቴ "በባዶ እግር የሚኬደው ለሥዕለት ነው" ካሉ በኋላ አሸዋውን ረግጠው ሲያዩት ወደዱትና አወለቁ። ያላወለቀው ወንድም ጋሼ ብቻ ነው። ጥቁር ጫማውን በጠዋት ተነሥቶ ራሱ ወልውሎ፣ አጥብቆ አስሮ፣ ሰማያዊ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ወጣ። አዘጋጇ በትሕትና ብትለምነው በእንግሊዝኛ "ልጄን የምድረው በጫማ ነው" አላት። እናም አርባ ባዶ እግር በተሰለፈበት መሐል ልጁን ይዞ፣ በየእርምጃው ትንሽ እየሰመጠ፣ ቀጥ ብሎ መጣ።

የነፋሱን ነገር ማንም አላሰበበትም። በዚያ ወቅት ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰውን ነፋስ እዚያ "ካስካዚ" ይሉታል፤ ድሮ የአረቦቹን ጀልባዎች ወደዚያ ዳርቻ ይነዳ የነበረው እርሱ ነው። የሴቶቹን ነጠላ እየገፈፈ፣ የድምፅ ማጉያውን እያንኮሻኮሸ፣ የተናጋሪውን ቃል እያነሣ ወሰደው። ሙሽሮቹ ለየብቻ የጻፉትን ቃል አነበቡ፤ ጓደኞቻቸው እንባቸውን ጠረጉ፤ እኛ ከኋላ የተቀመጥነው ግን አፋቸው ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው ያየነው። ቀለበት ተጠለቀ፤ ተጨበጨበ። አለቀ። ሃያ ደቂቃም አልፈጀ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያች ደቂቃ ባዶነት ተሰማኝ። ጭብጨባው በነፋሱ ውስጥ ቅጠል እንደሚንኮሻኮሽ ያህል ነው። አዳራሽ ቢሆን ጣሪያው ይመልሰው ነበር፤ ሰፈር ቢሆን አጥሩ። የወንድሜን ሚስት ዘወር ብዬ ሳያት ፈገግ ብላለች፤ ዓይኗ ግን ባዶዎቹን ወንበሮች የሚቆጥር መሰለኝ። ባዶ ወንበር እንኳ አልነበረም፤ አርባ ሁለት ወንበር፣ አርባ ሁለት ሰው።

ይኼኔ እቴቴ ተነሡ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የእማማን ዳቦ ከነፎጣው አቅፈው፣ እልልታቸውን ለቀቁት። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ሳንባው ከየት እንደመጣ እንጃ። የወንድሜ ሚስት ተቀበለቻቸው፤ የሙሽራው እናት ተከተለች። ሦስት ሴቶች። ነፋሱ ይህንንም ሊወስደው ነው ስል፣ ከኋላችን፣ ከሆቴሉ ማድ ቤት በኩል መልስ መጣ። ወጥ ቤቶቹና አልጋ አንጣፊዎቹ በረንዳው ላይ ወጥተው ኖሯል፤ ምላሳቸውን እያርገበገቡ እልል ይላሉ። ለካስ እዚያም የሠርግ ደስታ እንዲሁ ነው የሚገለጸው፤ "ቪገሌገሌ" ይሉታል። እቴቴ ወደነርሱ ዞረው ደገሙት፤ እነርሱም መለሱ። አዘጋጇ ፕሮግራሟን አጥፋ አብራቸው ገባች። ከቀረጻው ሁሉ አሁን ደግመን ደግመን የምናየው ይህን ነው።

ዳቦው ተባረከ። ወንድም ጋሼ ከባሕሩ ጀርባውን አዙሮ ቆሞ "ውለዱ፣ ክበዱ" አለ፤ ተጨማሪ ቃል አልወጣውም። ዳቦው ቀኑን ሙሉ ሙቀት ላይ ውሎ ጠርዙ ጠንክሮ ነበር። አንዷ የሙሽራዋ ጓደኛ ሁለተኛ ቁራሽ ጠየቀች።

ስለ እራቱ ብዙ አልልም። ትሪው ላይ ስምንት እግር ያለው ነገር ሲቀርብ እቴቴ አማተቡ፤ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር ነገር አይበሉም። አልተራቡም ግን። የሙሽራው እናት ለልጇ ሳትነግር ናይሮቢ ላይ ዶሮውን ሠርታ፣ በበረዶ ሳጥን አድርጋ፣ እንጀራውን ለብቻ አስጭና በሌሊት አውቶቡስ አምጥታዋለች። የወንድሜ ሚስትም ለማንም ሳትነግር ሻንጣዋ ውስጥ ድልህና ቅቤ ይዛ ኖሯል። ሁለቱ እናቶች ሲገናኙ ሳይነጋገሩ ተዋወቁ። ከሆቴሉ ጓሮ ጠረጴዛ ተጎተተ፤ በሁለት ሰዓት አካባቢ ግማሹ እንግዳ፣ ፈረንጁም ጭምር፣ ኦክቶፐሱን ትቶ ጓሮ ነበር።

በማግሥቱ ገና ሊነጋ ሲል ነቃሁ። እዚያ ፀሐይ ከባሕሩ ውስጥ ነው የምትወጣው። በረንዳ ላይ ቆሜ ሳይ ውኃው ርቆ ሄዷል፤ ሌሊት ወንበሮቹ የነበሩበት ድረስ መጥቶ የተመለሰበት መስመር አሸዋው ላይ ይታያል። ከሩቅ፣ ውኃው በተወው እርጥብ መሬት ላይ፣ ሁለት ሰዎች ይሄዳሉ። አንደኛዋ ቀሚሷን በእጇ ሰብስባለች። ሌላው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ጫማውን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣ በሌላ እጁ የሆነ ነገር፣ ምናልባት አድማሱን፣ ይጠቁማታል። ቆም ይላሉ፤ ይጎነበሳሉ፤ አንዱን ነገር ያነሣሉ፤ ይጥሉታል። ወደ ታች ልወርድ ብዬ ተውኩት።

ቁርስ ላይ እግሯ ላይ አሸዋ ነበር። "ጨው ነው" አለችኝ፣ እንደ ትልቅ ምሥጢር። "ቀመስኩት። እውነትም ጨው ነው።"

አዲስ አበባ ስንመለስ ደብተሩ ዳግመኛ ወጣ። ከነነዌ ጾም በኋላ ሁዳዴ ሳይገባ፣ ልጆቹ ለዕረፍት ሲመጡ፣ የወንድሜ ሚስት መልስ ደገሰች። ድንኳኑ የእድር፣ አግዳሚው የእድር፣ ሰሐኑ የእድር። ሙሽራዋ "እማዬ፣ እኛ እኮ ይህንን ላለማድረግ ነው ባሕር ድረስ የሄድነው" ስትላት "እናንተማ ተገላገላችሁ። እኔ ነኝ ያልተገላገልኩት" አለቻት። ከሦስት መቶ ሰው በላይ መጣ። እማማ ሙሽሮቹን አጠገባቸው አስቀምጠው በእጃቸው አጎረሱ፤ የልጅቱን ጉንጭ ይዘው "አሸዋ አልገባብሽም?" አሉ። ወጪው ብዙ ነው፤ ግማሹ ብድር ነው፤ ወንድም ጋሼ አልተቃወመም። ሁሉም ግን አልመጣም። ደብተሩ ላይ አሥራ አራት ጊዜ የተጻፉ አንድ ቤተሰብ አሉ፤ "ሠርጉ ካለፈ በኋላ ለትርፍራፊው ነው የምንጠራው?" ብለው ቀሩ። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሰላምታቸው በግንባር ብቻ ነው። ትክክል ናቸው ማለት አልችልም፤ ተሳስተዋል ለማለትም ያዳግተኛል።

ልጅቱን ከመሄዷ በፊት ለብቻዋ ጠየቅኋት። "ባሕሩን የመረጥሽው ለአባትሽ ብለሽ ነው?"

"ለአባዬ?" አለች ግራ ገብቷት። "ኸረ አጎቴ፣ ርካሽ ስለሆነ ነው። ሆቴሉ ለሃምሳ ሰው የሚያስከፍለው እዚህ አዳራሹ ብቻውን ከሚያስከፍለው ያንሳል። ደግሞ እማዬ አምስት መቶ ሰው እንዳትጠራ ነው።"

የነገርኳት ነገር የለም። ይንገራት እርሱ ካሻው።

ባለፈው እሑድ ከእነርሱ ቤት ቡና ስጠጣ ወንድም ጋሼ ሰዓቱን አየ። ግድግዳው ላይ፣ ከእድሩ ካላንደር ሥር፣ የዚያች የሠርግ ካርድ ተለጥፋለች፤ የመሙያና የመጉደያ ሰዓቷ አንድ ቀን ብቻ የሚሠራ ነው። እርሱ ግን በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ገደማ እየጨመረ፣ በጨረቃዋ እያስተካከለ ይቆጥራል።

"አሁን ዲያኒ ሞልቷል" አለ።

"ቡናህ ይቀዘቅዛል" አለችው።